አውራ ጣት፣ ፊርማ እና ዝምታ፦ ጉዳያችን ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

በ2021 (እዚ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው፣ ሌላ ካልኩ በቀር) ካናዳ ውስጥ ሳስካቸዋን የሚባለው ግዛት አንድ እህል ገዢ ለአንድ ገበሬ የተልባ ሽያጭ ኮንትራት በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከለት፣ ከስሩም ኮንትራቱን አረጋግጥልኝ ብሎ ጻፈበት። ገበሬው የመለሰለት ያቺን ሁላችንም በየሰዓቱ የምንልካትን የአውራ ጣት ኢሞጂ ነው። ሌላ ቃል የለም። ከዛ ጊዜው ደረሰ፣ ተልባው ግን አልመጣም፣ በመሃል የተልባ ዋጋ በጣም ጨምሮ ነበር፣ ገዢውም ከሰሰ። ገበሬው "እኔ መልእክቱ ደርሶኛል ማለቴ ነው እንጂ ተስማምቻለሁ አላልኩም" አለ። ዳኛው ግን ኢሞጂዋን ብቻ ነጥሎ አላየም፣ ሁለቱ ሰዎች ከዛ በፊት እንዴት ሲዋዋሉ እንደኖሩ ነው ያየው፣ ገበሬው ከዚህ በፊትም በቴክስት ለመጣለት ኮንትራት በአንዲት አጭር "እሺ" ዓይነት መልስ እየመለሰ እህሉን ሲያስረክብ ነበር። ስለዚ አውራ ጣቷም ያው ፊርማ ናት ተባለ። በ2023 ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት፣ ይግባኝ ብሎም በ2024 ተሸነፈ።

ይሄን ኬዝ ያወራኋቸው ብዙ ሰዎች "ይሄማ ግፍ ነው" ይሉኛል። እኔ ግፍ አይመስለኝም። ገበሬው የተሸነፈው ዳኛው ፊት ሲቆም አይደለም፣ የተሸነፈው ስልኩን ይዞ አውራ ጣቷን የነካ ሰዓት ነው፣ ችሎቱ የሆነውን ነገር ወረቀት ላይ አሰፈረው እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። እና ስለ ሕግ ችግር ሲወራ ሁሌ ልናገረው የምፈልገው ነገር ይሄ ነው፦ የግለሰብ፣ የቤተሰብና የትንሽ ንግድ ጉዳይ አብዛኛው ጠበቃ ከመፈለጋችን በፊት አልቋል። ያለቀው ስንፈርም፣ ሳንጽፍ ስንቀር፣ ወይ ደግሞ ደብዳቤ መጥቶ ዝም ስንል ነው።

የሕግ ችግር ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው ወንጀልና እስር ነው የሚታየው። ወርልድ ጀስቲስ ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት በ2019 ባወጣው የ101 አገሮች ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት ባለፉት ሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የሕግ ችግር ገጥሟቸዋል፣ ከነዚህ ውስጥ የሆነ ሰው ጋ ሄደው ምክር የጠየቁት ግን ከ100 ሰው 29 ብቻ ናቸው። ችግሮቹም ዕዳ፣ የተበላሸ ዕቃ፣ የቤት ኪራይ ዓይነት ነገሮች ናቸው። ሰው እነዚህን የሕግ ጉዳይ ብሎ አይጠራቸውም፣ ዕድሌ ነው ይላል ወይ ሰውዬው ክፉ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄው ነው፣ ምክንያቱም ሕግ መብት የሚሰጠው መብት አለኝ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ነው።

እስቲ ከፊርማ እንጀምር። በ1934 እንግሊዝ አገር የተፈረደ አንድ ኬዝ አለ፣ አንዲት ካፌ ያላት ሴት የሲጋራ መሸጫ ማሽን ዋጋውን ቀስ በቀስ ልትከፍል ትገዛለች፣ ማሽኑ ወዲያው መበላሸት ይጀምራል። ከሰሰች። ግን የፈረመችው ወረቀት ላይ በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል ሻጩን ከማንኛውም በወረቀቱ ካልተጻፈ ዋስትና ነጻ የሚያወጣ አንቀጽ ነበረ። አላነበብኩትም አለች፣ እውነቷንም ነው አላነበበችም። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ፣ ካላታለሉሽ በቀር ከፈረምሽ አንብበሽዋል ማለት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ሸማቹን ከእንደዚህ ዓይነት አንቀጽ የሚጠብቁ ሕጎች ወጥተዋል፣ ግን ልብ በሉ፣ ጥበቃው በዋናነት ለራሱ ለሚገዛ ሰው ነው፣ ለንግዱ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ነጋዴ ነው የሚታየው፣ ነጋዴ ደግሞ አንብቦ ይፈርማል ተብሎ ይታሰባል። ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ግን በዕውቀትም በገንዘብም ከተራ ሸማች የሚለይበት ነገር የለውም፣ ስለዚ እኔ ይሄ ክፍፍል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ከፊርማ ሁሉ የሚከፋው ግን የዋስ ፊርማ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዋስ ሁን ሲባል የሚመጣው ቃል በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው፦ "ለፎርማሊቲ ነው።" ጀርመን ውስጥ አንዲት የ21 ዓመት ልጅ አባቷ ለሥራው ከባንክ ሲበደር ለ100 ሺህ ማርክ ዋስ ሆና ፈረመች። ልጅቷ ሙያ የላት፣ ሀብት የላት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራም አልነበራት። የባንኩ ሰራተኛ ያላት ነገር በፍርድ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል፣ ይዘቱ እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ትልቅ ግዴታ እየገባሽ አይደለም፣ ለፋይሌ ነው የምፈልገው የሚል ነው። የአባትየው ሥራ ከሰረ፣ ባንኩ ወደሷ መጣ። የአገሪቱ ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ፊርማ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል ብሎ ለባንኩ ፈረደ። ኋላ ላይ በጥቅምት 1993 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ገለበጠው፣ አንዱ ወገን በጣም ደካማ ሆኖ ሸክሙም ከአቅሙ በላይ ከሆነ ፍርድ ቤቶች ውሉን ዝም ብለው ማለፍ አይችሉም አለ። ልጅቷ ዳነች፣ ግን የዳነችው እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ድረስ ዓመታት ከተከራከረች በኋላ ነው። እንግሊዝም በ2001 ዓይነቱ ተቀራራቢ በሆነ ጉዳይ ላይ ባንኮች ሚስት ለባሏ የንግድ ዕዳ ዋስ ስትሆን የምትፈርመውን ነገር በገለልተኛ የሕግ ሰው እንድትረዳ ማድረግ አለባቸው ተብሎ ተፈርዷል። እነዚህ ሁለቱም የሚያሳዩት ዋስትና ላይ የሚወድቀው ሰው ብዙ ጊዜ ከተበዳሪው ጋር በፍቅር የተሳሰረ ሰው መሆኑን ነው፣ ልጅ፣ ሚስት፣ ወንድም።

ስለዚ ዋስ ሁን ስትባሉ እምቢ በሉ አልልም፣ ሰው ለሰው ነው። ግን ሦስት ነገር ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ጣሪያው ስንት ነው፣ ማለትም ወለዱና ወጪው ተጨምሮ ከስንት ብር በላይ አልጠየቅም? እስከመቼ ነው፣ ለዚህ ብድር ብቻ ነው ወይስ ሰውዬው ወደፊት ለሚበደረው ሁሉ? ደግሞ አበዳሪው መጀመሪያ የሚሄደው ተበዳሪው ጋ ነው ወይስ ቀጥታ እኔ ጋ መምጣት ይችላል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፣ በብዙ አገር ሕግ ከተበዳሪው እኩል ተጠያቂ ነኝ የሚል አንድ መስመር ካለበት አበዳሪው ተበዳሪውን ዘሎ የሚከፍለው ሰው ጋ መሄድ ይችላል፣ የሚከፍለው ደግሞ ደሞዝተኛው ዋስ ነው።

ዋስትና ለትንሽ ነጋዴ ሌላ መዘዝም አለው። ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት የሚባለው ነገር ዋናው ጥቅሙ ድርጅቱ ሲከስር ቤትህና የግል ንብረትህ እንዳይነካ ነው። ይሄ መርህ በ1897 እንግሊዝ ውስጥ በአንድ የቦት ጫማ ሠሪ ጉዳይ ላይ ነው ጠንክሮ የቆመው፣ ሰውዬው ድርጅቱን ከነቤተሰቡ ይዞት አብዛኛው አክሲዮን የሱ ቢሆንም ድርጅቱ ራሱን የቻለ ሰው ነው፣ ዕዳውም የድርጅቱ ነው ተባለ። ጥሩ። ግን ዛሬ ባንክ ወይ አከራይ ለአዲስ ትንሽ ድርጅት ሲያበድር ወይ ሲያከራይ ባለቤቱን በግልህ ዋስ ሁን ይለዋል፣ እሱም ይፈርማል፣ በዛች ፊርማ ድርጅት ያቋቋመበትን ጥበቃ ለዛ ዕዳ ያህል መልሶ ሰጠ ማለት ነው። የድርጅቱን አካውንትና የቤቱን አካውንት እያቀላቀለ የሚጠቀም ሰውም እንደዛው፣ ፍርድ ቤት ድርጅቱና አንተ አንድ ናችሁ እንዲል ራሱ ማስረጃ እያዘጋጀ ነው።

አሁን ደግሞ ወዳልጻፍነው እንሂድ። "በቃል ያለ ይረሳል በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ይባላል፣ እኔ ግን በሥራ ያየሁት ቃል ከመረሳቱ በፊት መለወጡን ነው። ሁለቱም ሰዎች ሳይዋሹ ሁለት የተለያየ ነገር ያስታውሳሉ።

እኔ ራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ለቅርብ ጓደኛዬ ገንዘብ አበደርኩ፣ በባንክ ነው የላክሁት፣ ስለዚ ማስረጃ አለኝ ብዬ ተረጋግቼ ነበር። ዓመት አልፎ ስጠይቀው "ያ እኮ ለሥራው ያዋጣኸው ነው፣ ሥራው ደግሞ አልሆነም" አለኝ። ባንኩ የሚያሳየው ገንዘብ ከኔ ወደሱ መሄዱን ነው፣ ለምን እንደሄደ አያሳይም። ብድር፣ ስጦታ፣ ድርሻ፣ የዕቃ ዋጋ፣ ሁሉም በባንክ ደብተር ላይ መልካቸው አንድ ነው። ምክንያት የሚለውን ቦታ ባዶ ነበር የተውኩት። እስከዛሬም ሆን ብሎ ነው ለማለት አልደፍርም፣ ምናልባት እንደዛ ነው የገባው። ከዛ ወዲህ ለእህቴም ብልክ ምክንያት የሚለው ላይ "ብድር" ብዬ እጽፋለሁ፣ ከዛም አንድ ቴክስት፦ ይሄን ያህል አበድሬሻለሁ፣ በዚህ ወር ትመልሺልኛለሽ፣ ተስማማን? እሷ "አዎ" ካለች አለቀ። ወረቀት አለመተማመን ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው፣ ወረቀቱ የሚጠብቀው ዝምድናውን ነው።

አንዳንድ ውል ግን በቃልም በቴክስትም አይበቃውም። እንግሊዞች በ1677 ባወጡት ሕግ እንደ መሬት ሽያጭና ዋስትና ያሉት በጽሑፍ ካልሆኑና ካልተፈረሙ በፍርድ ቤት አይጸኑም ብለው ነበር፣ ሐሳቡ ዛሬም በየአገሩ ሕግ ውስጥ በተለያየ መልክ አለ፣ ስለዚ ቤት ወይ መሬት ሲሆን ስክሪንሾት ላይ አትተማመኑ።

አብሮ መነገድም እንደዛው። ሁለት ጓደኛሞች ምንም ሳይፈርሙ ሥራ ይጀምራሉ፣ አንዱ ብዙ ብር ያወጣል ሌላው ብዙ ይለፋል፣ ወረቀት ስለሌለ ሕግ የማያውቀን ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን ያውቃቸዋል። በእንግሊዝ የ1890 የሽርክና ሕግ ሁለት ሰዎች ለትርፍ አብረው ከነገዱ ባይፈርሙም ሸሪኮች ናቸው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ትርፉ እኩል ነው፣ አንዱ በፈረመው ዕዳ ደግሞ ሌላውም በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል። እንደዚህ ዓይነት "ካልጻፋችሁ እኔ እጽፍላችኋለሁ" የሚል ሕግ በየአገሩ አለ፣ እና ያ ሕግ የጻፈላችሁ ነገር ሁለታችሁም ያላሰባችሁት ሊሆን ይችላል። ሰራተኛ ላይም ይሄው ነው፣ ወረቀቱ ላይ "ኮንትራክተር" ብሎ መጻፍ ብቻውን አያድንም። በየካቲት 2021 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ኡበር ሾፌሮች ሲወስን የተመለከተው የወረቀቱን ስም አልነበረም፣ ዋጋውን ማን ይወስናል፣ ሥራውን ማን ይቆጣጠራል የሚለውን ነው፣ ስለዚ ሰዓቱን አንተ የምትወስንለት ልጅ "ፍሪላንሰር ነው" ቢባልም የዓመት ፈቃድና ሌላ ሌላ ነገር ጠይቆ ሊያሸንፍህ ይችላል።

ቤተሰብ ውስጥ ያልተጻፈው ትልቁ ነገር ኑዛዜ ነው። እዛው ሳስካቸዋን ውስጥ፣ ከኢሞጂው ፍርድ 75 ዓመት በፊት፣ በ1948 አንድ ገበሬ ትራክተሩ ስር ተጠምዶ ለሰዓታት ማንም ሳይደርስለት ቀረ። የኪስ ቢላዋውን አውጥቶ የትራክተሩ መከላከያ ብረት ላይ እዚህ ከሞትኩ ሁሉም ነገር ለሚስቴ ነው የሚል ጭሮ ፈረመበት። ሆስፒታል ሄዶ ሞተ፣ ብረቱ ተቆርጦ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ኑዛዜ ነው ተብሎ ጸና። ብረቱ ዛሬም በሳስካቸዋን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ያ ሰው በዛ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ያሰበውን ነገር ብዙዎቻችን ጤነኛ ሆነን ወንበር ላይ ተቀምጠን አናስበውም።

ግን ብረት ላይ መጫር ሁሉም ቦታ አይሠራም። ፈረንሳይ ያለ ምስክር በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ትቀበላለች፣ ግን ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ተጽፎ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ተፈርሞ መሆን አለበት፣ በኮምፒውተር ጽፎ መፈረም አይሆንም። እንግሊዝ ከ1837 ጀምሮ ባለው ሕግ ሁለት ምስክር ትፈልጋለች፣ እና ምስክሩ ራሱ ወይ የትዳር ጓደኛው የሚወርስ ሰው ከሆነ ኑዛዜው ይጸናል፣ ለሱ የተሰጠው ድርሻ ግን ይቀርበታል። አባቷን አስታማ የኖረች ልጅ ለመተባበር ብላ በምስክርነት ፈርማ ድርሻዋን ልታጣ ትችላለች ማለት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ልጅ ያለው ሰው እንደፈለገ መናዘዝ አይችልም፣ አንድ ልጅ ካለው ግማሹ፣ ሁለት ካሉት ሁለት ሦስተኛው፣ ሦስትና ከዛ በላይ ከሆኑ ሦስት አራተኛው የልጆቹ ነው። ስለዚ የራሳችሁ አገር ፎርም ምን እንደሆነ ሳታረጋግጡ ከኢንተርኔት ባወረዳችሁት ናሙና አትናዘዙ።

ሳይጋቡ አብሮ የሚኖሩ ሰዎችም አሉ። ብዙ ሰው ይሄን ያህል ዓመት አብረን ከኖርን እንደ ሚስት ነኝ ብሎ ያምናል። አንዳንድ አገር እውነት ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን 20 ዓመት አብራችሁ ብትኖሩ፣ ልጅ ብትወልዱ፣ ሰውዬው ሳይናዘዝ ከሞተ በውርስ ሕጉ በቀጥታ የሚደርሳችሁ ድርሻ የለም፣ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ መለመን ነው። ፍቺ ላይ ደግሞ ሰው የማያየው ዕዳን ነው። ፍርድ ቤት የመኪናውን ብድር ባል ይክፈል ብሎ ቢወስንም ባንኩ የዛ ክርክር ተካፋይ አልነበረም፣ ሁለታችሁ ከፈረማችሁ እሱ ካልከፈለ ሚስት ትጠየቃለች። ስለዚ ንብረት ከመካፈል በፊት ስማችሁን ከብድሩ ማስወጣት ነው ዋናው። ልጅን በተመለከተ ግን መመዘኛው ለወላጆቹ የሚገባው ምንድነው የሚል አይደለም፣ በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መብት ኮንቬንሽን የልጁ ጥቅም ቀዳሚ ይሁን ነው የሚለው፣ እና ዳኛ ፊት ስለ ትዳር ጓደኛቸው ክፋት ብቻ ሲያወሩ ውለው ልጁ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ ሲጠየቁ መልስ የሚያጡ ወላጆች ራሳቸውን ነው የሚጎዱት።

አሁን ወደ ዝምታ ልምጣ፣ ከሁሉም በላይ ሰውን የሚበላው እሱ ነው።

አንደኛው ዝምታ ይርጋ ነው፣ ማለትም መክሰሻው ጊዜ እስኪያልፍ ዝም ማለት። መብት ዕድሜ አለው። ከውል የሚመጣ ክስ በጀርመን በመደበኛው 3 ዓመት፣ በፈረንሳይ 5፣ በእንግሊዝ 6፣ በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. (በኛው አቆጣጠር) በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሌላ የተለየ ድንጋጌ ከሌለ 10 ዓመት ነው። ይሄ ረጅም ይመስላል፣ ሥራ ጉዳይ ላይ ግን ጊዜው በጣም ያጥራል፣ ጀርመን ውስጥ ከሥራ የተባረረ ሰው ማሰናበቻ ደብዳቤው በደረሰው በ3 ሳምንት ውስጥ ካልከሰሰ ማሰናበቱ ከመጀመሪያው ትክክል እንደነበረ ተደርጎ ይቆጠራል። ሦስት ሳምንት ማለት ሰው ገና ከድንጋጤው ያልወጣበት፣ ለቤተሰቡ እንኳ ያልነገረበት ጊዜ ነው። ሌላው ወጥመድ ድርድር ነው፣ "እንነጋገርበታለን፣ አትቸኩል" እየተባለ ወራት ይሄዳል። ጀርመን ድርድር ላይ እያላችሁ የይርጋው ሰዓት ይቆማል፣ እንግሊዝ ግን እየተነጋገራችሁም ይቆጥራል። የናንተ አገር የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ተበዳሪው ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ወይ ትንሽ እንኳ ከከፈለ በብዙ አገር ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ስለዚ አበዳሪ ከሆናችሁ በየዓመቱ "ያለብህ ይሄን ያህል ነው አይደል?" ብላችሁ በጽሑፍ መልስ መቀበል ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዝምታ መጥሪያ ደርሶ አለመሄድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፒው ቻሪታብል ትረስትስ የተባለው ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት መረጃ በተገኘባቸው ቦታዎች ከዕዳ ክሶች ውስጥ ከ70 ፐርሰንት በላይ የሚሆኑት ያለቁት ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ ወይ ሳይቀርብ ቀርቶ ነው። ሳይከራከሩ ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ ዕዳው የሱ ያልሆነ፣ የከፈለ፣ ይርጋው ያለፈለት፣ ሒሳቡ የተጋነነበት ሰው ሊኖር ይችላል፣ ዳኛው ግን ማንም ያላነሳለትን መከላከያ ፈልጎ አያነሳም። ሰው የማይሄደው በንቀት አይደለም፣ ይፈራል፣ ያፍራል፣ ጠበቃ መክፈያ የለውም፣ ወይ ደግሞ እውነትም ስላለበት ምን ብዬ እከራከራለሁ ይላል። ግን ያለበት ሰውም የሚያገኘው ነገር አለ፣ ቀርቦ በየወሩ ይሄን ያህል ልክፈል ብሎ መስማማት ይችላል፣ ከቀረ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ደሞዝ ወይ አካውንት ማገድ ነው። ለትንንሽ ክርክር የተዘጋጁ ችሎቶችም በብዙ አገር አሉ፣ እንግሊዝ በአብዛኛው እስከ 10 ሺህ ፓውንድ ያለ የገንዘብ ክርክር በቀላል ሥርዓት ይታያል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ በዚህ ችሎት በጥቅሉ ጠበቃ ይዞ መቅረብ አይቻልም፣ ሁለቱም ወገን ራሱ ነው የሚናገረው። ለደካማው ወገን ይሄ በጣም ትልቅ ዕድል ነው።

ጠበቃ ውድ ነው የሚለው እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ሙሉ ጉዳዩን የሚይዝ ጠበቃና አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያማክር ጠበቃ ዋጋቸው አንድ አይደለም። ለዛች አንድ ሰዓት ስትሄዱ ታሪኩን ከልጅነት አትጀምሩለት። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ በተርታ ቀን፣ ማን ምን አደረገ፣ ምን ማስረጃ አለኝ ብላችሁ ጻፉ፣ የሚጎዳችሁንም ጭምር፣ ምክንያቱም የደበቃችሁትን ከሌላው ወገን ሲሰማው ለመከላከል ጊዜው አልፏል። የቴክስቶቹን ኮፒ ከነቀናቸው አውጡ፣ ስልክ ይጠፋል ይሰበራል። እና ደብዳቤ ወይ መጥሪያ ከሆነ የያዛችሁት፣ ፖስታውን አትጣሉ፣ የደረሳችሁን ቀን ወዲያው ጀርባው ላይ ጻፉበት፣ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።